በሐምሌ የቆመው ማሽን

ሰኞ ሰኔ 4

አራተኛውን ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። «በውሉ ላይ በተቀመጠው የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ሥራውን ባለማከናወንዎ» እያለ የሚቀጥለው ነው። ከበፊቶቹ ሦስት የሚለየው በቀኑና በመጨረሻው መስመር ብቻ። የመጨረሻው መስመር አሁን «ውሉ የሚቋረጥ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከድርን ስለምን፣ ስቆጣ፣ ስደውል ኖሬያለሁ። ከድር የሥራ ተቋራጫችን ነው። የጎባ ልጅ፣ ሁልጊዜ «ኢንሻአላህ ኢንጂነር» የሚል፣ አንድም ሥራ በቀኑ ጨርሶ የማያውቅ።

ሳምንቱ ከባድ ሊሆን ነው። ጭንቅላቴ እንዲጠራ ነገሩን ልዘርዝረው።

ሥራው፦ ከሃረና ጫካ ምንጭ ውሃ በቱቦ ወደ ቆላ ማውረድ። ላይኛው ክፍል ጫካው ነው፣ ታችኛው ክፍል ቆላው። ቱቦው የሚያልቅበት የመጨረሻው ቀበሌ በብድሬ በኩል ያለው መልካ ዲማ።

ያለንበት፦ ላይኛው ክፍል ገና ግማሽ አልሞላም። ታችኛው ጭራሽ አልተጀመረም ማለት ይቻላል።

የሚመጣብን፦ የዛሬ ሳምንት ከአዲስ አበባ የግምገማ ቡድን።

ኦቦ ገመዳ ዛሬ ቢሯቸው ጠርተው በር ዘጉ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ እሳቸው ናቸው። በር ሲዘጉ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሯቸው እንደ አውቶቡስ ተራ ለሁሉም ክፍት ነው። ቡድኑ ሁለት አማራጭ ይዞ እንደሚመጣ ነገሩኝ። አንዱ ውሉን አቋርጦ እንደገና ጨረታ ማውጣት። ይህ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል፣ የቱቦ ዋጋም ቆሞ አይጠብቀንም። ሁለተኛው ታችኛውን ክፍል ቆርጦ «ለቀጣዩ ምዕራፍ ማስተላለፍ»። ለቀጣዩ ምዕራፍ የተላለፈ ሥራ ሲሠራ ያየ ሰው እዚህ ቢሮ ውስጥ የለም። በሁለቱም መንገድ መልካ ዲማ ውሃ አያይም።

«ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው ትያለሽ?» አሉኝ።

«የተቋራጩ ነው» አልኩ፤ ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

ግድግዳው ላይ ያለው የጊዜ ሰሌዳ የኔ ሥራ ነው። ሮቤ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር በእጄ ያቀለምኩት። ቁፋሮው አረንጓዴ፣ ግዢው ቢጫ፣ ሐምሌና ነሐሴ የክረምት ዕረፍት ሰማያዊ። እንግዳ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ሰሌዳው ይህን ያህል አምሮ ሥራው እንዲህ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው የሚያናድደኝ። ነገ ደብዳቤውን ራሴ ይዤ ሃረና እወርዳለሁ።


ማክሰኞ ሰኔ 5

ደሎ መና፣ አልጋ ቤት። ጫማዬ ከጭቃው ጋር አንድ አካል ሆኗል።

ጠዋት ከሹፌራችን ከጀማል ጋር ወጣን። ጎባ ሻይ ጠጣን። ሳነቴ ተራራ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ገባ። ሃረና ስንወርድ ዝናቡ ተቀበለን። ያየሁትን በቅደም ተከተል፦

ቱቦ የጫነ መኪና እስከ ጎማው እምብርት ጭቃ ውስጥ ገብቶ። ሦስተኛ ቀኑ ነው አሉ።

ባለፈው ወር ተቆፍሮ አልቋል ተብሎ ሪፖርት የቀረበበት ቦይ፣ ግማሹ ተደርምሶ፣ ግማሹ ውሃ ሞልቶ። ውስጡ እንቁራሪት።

ሠራተኞቹ ላስቲክ ወጥረው ሥሩ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ሲያዩኝ ካርታውን ደበቁ። እኔ ያፈርኩት ግን በመደበቃቸው ነው።

ከድር ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ መኪናውን ከሚገፉት ጋር ይገፋል። ይህን አልጠበቅሁም። ቢሮ ሆኜ ሳስበው ጎባ ሻይ ቤት የተቀመጠ ነበር የሚመስለኝ።

ደብዳቤውን ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ አነበበ። ከጃኬቱ ኪስ አንድ ላስቲክ አወጣ። ሦስቱም ደብዳቤዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ፣ እንዳይርሱ ጠቅልሏቸው። አራተኛውን ጨመረበት።

«ኢንጂነር፣ እዚህ ጫካ ውስጥ ከመጋቢት ጀምሮ ዝናብ ነው። ዛሬ የቆፈርነውን ነገ ስንመጣ ተሞልቶ ይጠብቀናል።»

«ውሉን ስትፈርም ዝናብ መኖሩን አታውቅም ነበር?»

«ውሉም ሰሌዳውም ከናንተ ነው የመጣው። እኔ የፈረምኩ ብቻ ነኝ።» ላስቲኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ «ደግሞ እናንተ ጭቃ ሲሆን ታሠሩናላችሁ፣ ፀሐይ ሲወጣ ታሳርፉናላችሁ። ምን ልበል?» አለኝ።

አሽሙር መሰለኝ። በንዴት መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ጀማል በመስታወቱ አየኝ። ጀማል የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ነገ መልካ ዲማ ወርጄ ታችኛውን ክፍል አይቼ እመለሳለሁ። ለግምገማው «ቦታው ድረስ ሄጄ አረጋግጫለሁ» ለማለት ያህል ነው እንጂ እዚያ የሚታይ ሥራ የለም።


ረቡዕ ሰኔ 6

እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ ጽሑፉ ያስጠላል። ግድ የለም።

ወደ መልካ ዲማ ስወርድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት በጥር ነበር። ጥር ላይ መድረቁ አያስገርምም። ዛሬ ግን ከደሎ መና ወጥተን ትንሽ እንደሄድን መስኮት መዝጋት ነበረብን፣ ለአቧራው። ትናንት ጭቃ፣ ዛሬ አቧራ፣ በግማሽ ቀን መንገድ። መጀመሪያ እንግዳ ነገር ሆኖ እንኳ አልታየኝም።

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ አማን ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ለእያንዳንዱ ነገር ጊዜ የሚሰጡ። ሰላምታው ብቻ ረጅም ነበር፤ «አካም ጅርታ፣ ነጋ ኬ፣ ሮቤ ደህና ነው፣ ሥራ ደህና ነው።» እኔም በተሰባበረው ኦሮምኛዬ መለስኩ። እንደ ሁልጊዜው ደስ ብሏቸው ወደ አማርኛ ገቡልኝ።

ሴቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ ደረስን። ጎህ ሳይቀድ የወጡ ናቸው፣ ያኔ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። አንዷ ጄሪካኑን ካወረደች በኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ነፍሰ ጡር ናት።

ለማለት ያህል ነው የጠየቅሁት፤ ለሪፖርት።

«ሐጂ፣ እዚህ አሁን ዝናቡ መቼ ይመለሳል?»

«ጋናው አለቀ» አሉ። ጋና የሚሉት የበልጉን ዝናብ ነው። «ግንቦት ላይ ተሰናበተን። ከእንግዲህ እስከ መስከረም ጠብታ የለም።»

«ሐምሌስ? ነሐሴስ?»

«ሐምሌማ አቧራ ነው፣ ልጄ። ምን ዝናብ አለ በሐምሌ?»

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ሐጂ ግን ጨዋታቸውን ቀጠሉ። አምና በሰኔ የመቆፈሪያው ማሽን መጥቶ መቆፈር ጀምሮ ነበር። ሐምሌ አንድ ቀን ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሄደ። ማሽኑ እዚያ ግራር ሥር ቆመ። ልጆች ሲወጡበት ሲወርዱበት ዘበኛው እያባረራቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ከዚያ ትልቅ ተጎታች መጥቶ ጭኖት ሄደ።

«ለምን ቆመ ብላችሁ አልጠየቃችሁም?»

«ማንን? መንግሥት ነው፣ ምክንያት ይኖረዋል አልን።»

ምክንያቱ እኔ ነኝ። ምክንያቱ ሰማያዊው ማርከር ነው።

ሰሌዳውን ስሠራ ከዚያ በፊት ጎጃም የሠራሁበትን ፕሮጀክት ሰሌዳ ከፍላሼ አውጥቼ የቀበሌዎቹን ስም ብቻ ነው የቀየርኩት። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት ጥሩ የሥራ ወራት። ሐምሌና ነሐሴ ዕረፍት። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት። በሐምሌ ዝናብ ይዘንባል፤ እንደ ስሜ የማውቀው ነገር ነው። ማንንም አልጠየቅሁም፣ የሚጠየቅ ነገር መሆኑም አልመጣልኝም። በዚያ ሰሌዳ ከድርን በጋናው ዝናብ መካከል ጫካ ውስጥ አስቆፈርኩት። ቆላው ደርቆ ለሥራ ሲመች ደግሞ አሳረፍኩት። ትናንት አሽሙር የመሰለኝ ነገር ቃል በቃል እውነት ነበር።

ሐጂ ምሳ ጋበዙን። ከቀረበው ጥቂት ቀምሼ ተውኩት። «ምግቡ አልተስማማሽም?» አሉኝ። ተስማምቶኛል አልኩ።


ሐሙስ ሰኔ 7

ሮቤ። ዛሬ ተመለስን። ሳነቴ ላይ ስንደርስ ጀማልን «በሐምሌ ቆላ ዝናብ እንደሌለ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሰሌዳው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሁለት ሐምሌ፣ ሁለት ነሐሴ። አራት ደረቅ ወር በከንቱ የጣልኩት። በእነዚህ አራት ወራት ታችኛው ክፍል ባያልቅ እንኳ ይገባደድ ነበር። የታችኛው ክፍል ቱቦ እኮ ተገዝቶ እዚሁ ሮቤ መጋዘን ግቢ ተቆልሏል። ግዢው በቀኑ ተፈጽሟል፣ ቢጫው በቀኑ ነው ያለቀው። በዚያ እንኳ ኮርቼ ነበር።

ይህን የሚያውቅ ማን አለ? ማንም። ሰሌዳው ላይ ሰባት ፊርማ አለ፣ ሰባቱም ሰዎች ያሉት «ያምራል» ነው።

ዝም ብልስ?

ከድር ውሉ ይቋረጥበታል። ስሙ በጥቁር መዝገብ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ሥራ አያገኝም።

መልካ ዲማ ይቆረጣል።

እኔ ምንም አልሆንም። እንዲያውም አራት ማስጠንቀቂያ የጻፈች ጠንካራ ክትትል ያላት ባለሙያ እባላለሁ።

ሦስተኛውን መስመር ስጽፈው በራሴ አፈርኩ። ምክንያቱም ለትንሽ ጊዜ፣ ከአንድ ሻይ ላልበለጠ ጊዜ፣ አስቤበታለሁ።


ዓርብ ሰኔ 8

ለኦቦ ገመዳ ነገርኳቸው። ዛሬ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እርስዎ የሮቤ ሰው ነዎት» አልኳቸው። «ወንድምዎ በሁለቱ ዝናብ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭዳል። የሰሌዳውን ስህተት እንዴት አላዩትም?»

«አየሁት እኮ» አሉ። «ግን ሐምሌ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ነሐሴ ፍርድ ቤት ይዘጋል። የመንግሥት ክረምት ሐምሌ ነው ብዬ ተውኩት። ከላይም ጸድቆ ነው የመጣው መሰለኝ።»

ከላይ የጸደቀው ከእኛ የሄደው ነው። እነሱ እኛን አምነው፣ እኛ እነሱን አምነን።

ከዚያ መላ አመጡ፤ መላ አያጡም። «የአየር ንብረት መዛባት ብለሽ ጻፊ። ዝናቡ ወቅቱን ቀይሮ ሥራችንን አስተጓጎለ። የማይሸፍነው ነገር የለም። አንቺም ደህና፣ እሱም ደህና፣ እኛም ደህና።»

ጻፍኩት። አንድ ገጽ ሆነ። ሳነበው ያምራል። የሚያምር ነገር መሥራት መቼም አልቸገረኝም። ሁለተኛ ሳነበው ግን ታየኝ። ጥፋቱ የዝናቡ ከሆነ ሰሌዳው ትክክል ነው። ሰሌዳው ትክክል ከሆነ ዘንድሮም ሐምሌ አንድ ቀን ሥራ ይቆማል። የቀረን ደግሞ ይኸው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ገጹን ቀደድኩት። ኦቦ ገመዳ ስቀደው አይተው «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉና ለጁምዓ ሶላት ወጡ።

ከሶላት በኋላ ከድር መጣ። ስልክ ደውዬ ና ብዬው ነበር። አምስተኛ ደብዳቤ የጠበቀ ይመስለኛል፣ ላስቲኩን ይዟል። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ሰሌዳው የኔ ስህተት ነው፣ ከጎጃም ገልብጬ ነው፣ ይቅርታ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። 

«አንተም ግን ታውቅ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር» አለ። «ኢንጂነር፣ ዕረፍት ሲሰጡት የሚከራከር ሰው አይተሻል? በሐምሌ ማሽኑን ጎባ ለድንጋይ መንገድ ሥራ አከራየዋለሁ። ሁለቱንም ዓመት አከራይቻለሁ። አላህ ያውቃል፣ ጠቅሞኛል።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም ለሰውዬው ቃል ሰጥቻለሁ። ከሰኔ ሃያ ጀምሮ።»

ሁለታችንም ሰሌዳውን አየን። ሁለት ሰው ለሁለት ዓመት እየተጣላን አንድ ስህተት ተካፍለን ስንኖር ነበር። እሱ ሳቀ። እኔ ማልቀስ ነበር የቃጣኝ፣ ግን ሳቁ ተጋባብኝና አብሬው ሳቅሁ።

አራተኛውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይሄንን ልመልስልሽ?» አለኝ። እስከ ሰኞ ያዘው አልኩት።


ቅዳሜ ሰኔ 9

አዲስ ሰሌዳ። በዚህኛው ከወረቀቱ በፊት ሰው።

የጠየቅኋቸው፦ የቤቴ አከራይ አዴ ዘይነባ። ጀማል። የመጋዘኑ ዘበኛ፣ የመና ልጅ ነው። ለብድሬ ገበያ በሬ የሚነዳ አንድ ነጋዴ። ቡና ለመልቀም በየዓመቱ ሃረና የምትወርድ የጎረቤታችን እህት። አምስቱም ሳያስቡ አንድ ዓይነት መለሱልኝ። ጫካው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አይሠራበትም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ምቹ ነው። ቆላው ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ደረቅ ነው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ሌላ ዝናብ ይገባል፣ ሀገያ የሚሉት።

አዴ ዘይነባ ወገባቸውን ይዘው አዩኝ። «ለዚህ ነው ወረቀት ይዘሽ የመጣሽው? ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?»

ይጠየቃል፣ አዴ። ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር።

የሚያስፈልገን፦ ቱቦውን ከመጋዘን ወደ ቆላ ማጓጓዝ (መንገዱ አሁን ደረቅ ነው፣ መኪናዎቹ ጫካ ውስጥ ከሚቆሙ እዚያ ይሥሩ)። ከሃረና ሠራተኞቹን ማውረድ። የቀን ሠራተኛ ከመልካ ዲማ። ማሽኑ። ሌላው ሁሉ በእጃችን አለ። ወጪው እንዳይጨምር ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ የሚጨምረው ነገር ሠራተኛ ማጓጓዣው ብቻ ነው፣ የሚቀንሰው ደግሞ ብዙ። አንድ ማሽን፣ ሁለት ወር። ሁሉም ነገር አንድ ማሽን ላይ ተንጠልጥሏል።

ቀለም አልቀባሁትም። በእርሳስ ብቻ።


እሑድ ሰኔ 10

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተመለስኩ። ልብስ አጠብኩ፣ ዝናብ መጣ፣ አስገባሁ፣ አቆመ፣ አወጣሁ፣ መጣ።

እህቴ ከማርቆስ ደወለች። ነገርኳት። «አንቺ ካልነገርሽ ማን ያውቃል?» አለችኝ። እሷም እንደ እኔ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው ያሰበችው፤ ስልኩን ሳትዘጋ «በይ በርቺ» አለችኝ።

የምናገረውን ተለማመድኩ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ካስረዘምኩት ሰበብ ይሆንብኛል።


ሰኞ ሰኔ 11

አለቀ። ከሦስት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ከአዲስ አበባ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ደክሞት የመጣ ሰው። አንዲት የበጀት ባለሙያ። አንድ ጸሐፊ፣ ሰንጠረዥ የተሰመረበት ወረቀት ይዞ። ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ተነስቶ ራሱን ይገመግማል። ክትትላችን የላላ ነበር። የአቅም ውስንነት ነበረብን። የቅንጅት ጉድለት ነበር። እኔም ስንት ዓመት ብያቸዋለሁ። ማንም አይጎዳባቸውም፣ ማንም አይነካባቸውም፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ያልቃሉ። መጋዘን ኃላፊው የክትትል መላላት አለ። ሒሳብ ሹሙ የቅንጅት ጉድለት አለ። ጸሐፊው በየዓምዱ ምልክት አደረገ።

ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ፣ ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«የመዘግየቱ ትልቁ ምክንያት የጊዜ ሰሌዳው ነው። ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከሌላ አገር ገልብጬ። ቆላው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የለውም፣ እኔ ግን ሥራ አስቆምኩበት። ማንንም አልጠየቅሁም።»

 እዚህ ሰዎች ጥፋት ሲናዘዙ ለዓመታት ሰምተዋል፣ ግን «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ጸሐፊው ብዕሩን ከዓምድ ወደ ዓምድ አዞረና ወደ ሰብሳቢው ዞሮ «በየትኛው ልያዘው?» አለ።

«የአቅም ውስንነት በለው።»

«አቅሙ ነበረኝ» አልኩ። «ያልነበረው ጥያቄው ነው።»

ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የበጀት ባለሙያዋ ቀደመችው። «በሐምሌ እንደማይዘንብ ምን ማስረጃ አለ? የሚመሰክር አለ?»

ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ሲያወጡ ዓይኔን አላመንኩም። «እኔ» አሉ። «የሮቤ ልጅ ነኝ። አውቅ ነበር። አልተናገርኩም።» ከኋላ ከድር ተነሳ። የማሽኑን ኪራይ ሳይቀር ተናገረ። ከዚያ መጋዘን ኃላፊው፣ ከዚያ ጀማል ከበሩ አጠገብ ሳይጠየቅ። ሁሉም ያውቃል።

«ታዲያ» አለ ሰብሳቢው፣ «ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር ያላወቀው ወረቀቱ ብቻ ነው ማለት ነው?»

የሳቀ የለም። እርግጥ ለቀልድ አልነበረም።

በእርሳስ የሠራሁትን ዘረጋሁላቸው። ባለሙያዋ አንድ ሰዓት ሙሉ አፋጠጠችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው የምትጠይቀው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ባገኛት ምን ነበረበት። ውሳኔው፦

ውሉ ለጊዜው አይቋረጥም።

ላይኛው ክፍል እስከ ታኅሣሥ ይቆማል።

ታችኛው ክፍል አሁኑኑ ይጀመራል። ማሽኑ እስከ ሰኔ 20 መልካ ዲማ መድረስ አለበት። ነሐሴ ማለቂያ ላይ ቱቦው ከቀበሌው በላይ ካለው ማጠራቀሚያ ካልደረሰ፣ ታችኛው ክፍል ይቆረጣል፣ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሁለቱን ወር ቦታው ላይ ተቀምጬ እንድከታተል።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ! አራት ጽፌ አንድ ደረሰኝ። ከድር ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ «ላስቲክ ልስጥሽ?» አለኝ። ይገባኛል።

ቀለል ብሎኛል። ቀለል ማለቱ ራሱ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም መልካ ዲማ ገና አልዳነም።


ማክሰኞ ሰኔ 12

ጠዋት ከድር ደወለ። የጎባው ሰውዬ «ቃል ቃል ነው፣ በዚህ ማሽን ነው ያቀድኩት» ብሎታል። ልክ ነው፣ እሱም ሰሌዳ አለው። ከድር ዝም ብሎ ማሽኑን ወደ መልካ ዲማ መውሰድ ይችላል፣ የተፈረመ ወረቀት የላቸውም። ግን አያደርገውም። «ጎባ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ኢንጂነር። ቃሌን እሱ ራሱ ካልፈታልኝ ማሽኑን አላነሳም» አለኝ። ሽማግሌ ልኳል፤ ሦስት ሰው፣ አንዱ የሰውዬው አጎት። ኦቦ ገመዳም አራተኛ ሆነው ሄደዋል፣ ሳይጠየቁ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው።

ሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ ስጽፍለት የነበረው ሰው ለቃሉ እንዲህ የሚጨነቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። የኔን ሰሌዳ ያላከበረው ቃል ስላልሰጠበት ነው። ፊርማ ብቻ ነው የሰጠው።

ከሰዓት ኦቦ ገመዳ ደወሉ። ሰውዬው አልፈቀደም፣ አልከለከለምም። ነገ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። አጎቱ «ተስፋ አለው» ብለዋል። ኦቦ ገመዳ ራሳቸው ምን እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። «ቡና አቀረበልን፣ ያ ጥሩ ምልክት ነው» አሉ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ የለም።

ቱቦው ግን መጫን ጀምሯል። የመጀመሪያው መኪና ከመጋዘን ሲወጣ በር ላይ ቆሜ አየሁት።

ለሐጂ አማን ደወልኩ። መልካ ዲማ ኔትዎርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ሰው ተልኮ እሳቸው ወጥተው መልሰው እስኪደውሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ትንፋሻቸው ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰሌዳውን፣ ስህተቱን፣ ማሽኑ ሊመጣ እንደሚችል፣ ላይመጣም እንደሚችል። በሐምሌ ሥራ እንዳለ፣ ለቁፋሮ ሰው እንዲያዘጋጁ።

«ሰው ሞልቷል» አሉ። «ለሴቶቹ ግን አሁን አልነግራቸውም። ማሽኑን ሲያዩት ይወቁ። ሦስት ጊዜ ነግሬያቸው ሦስት ጊዜ አፍሬያለሁ።»

ሦስቱም ጊዜ የኔ ቀን ነበር፤ እኔ የሰጠኋቸው ቀን።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ» አልኩ። 

 

«ይቅርታሽን አሁን አልቀበልሽም፣ ልጄ» አሉ። «ነሐሴ ላይ ከውሃው ጋር ታመጪዋለሽ።»